ማይኩን ራቅ አድርገው፦ ኦፔራ ስለመቅዳት የመጡ ጥያቄዎች

ወደዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ጥያቄዎች ስለ ሰርግ ማጉያ፣ ስለ መዝሙር ስቱዲዮና ስለ ዩቲዩብ ማይክ ናቸው። በዚህ ወር ግን ኦፔራ የሚል ቃል ያለባቸው ደብዳቤዎች ተደራርበው መጡ። አንድ ላይ አቀረብኳቸው። የመጀመሪያውን መልስ ረዘም ያደረግሁት የሌሎቹ ሁሉ መነሻ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራዬ የሰርግና የኮንሰርት ድምፅ ነው፤ መዝሙርም እቀዳለሁ። አሁን አንድ የባህል ማዕከል፣ ከውጭ የመጣች ሶፕራኖ (ከፍ ያለ የሴት ድምፅ ያላት የኦፔራ ዘፋኝ) በፒያኖ ብቻ ታጅባ የምታቀርበውን ዝግጅት እንድቀዳ ጠይቆኛል። ልምምዱ ላይ እንደለመድኩት አንድ ማይክ ፊቷ ላይ አቆምኩ፣ ሁለት ደግሞ ፒያኖው ውስጥ ከተትኩ። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ድምፁ ተቀደደ። ጌይኑን (ማይኩ የሚከፈትበትን መጠን) ስቀንስ ለስለስ ያለው ክፍል ጠፋ። ኮምፕረሰር (ከፍና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ ዕቃ) ሳስገባ ደግሞ ዘፋኟ አዳምጣ «ይሄ የእኔ ድምፅ አይደለም» አለችኝ። ዕቃዎቼ ጥሩ ናቸው። ችግሩ የት ነው? (የድምፅ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማይኮችህ ምንም አላጠፉም። ከዘፋኟ ጋር ያጣላህ ያቆምክበት ቦታ ነው።

አንተ የምታውቀው ዘፋኝ ከማይክ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ቀስ ብሎ ሲያንጎራጉር ማይኩ ያነሳለታል፤ ሊጮህ ሲል ራሱ ማይኩን ከአፉ ያሸሻል። የኦፔራ ዘፋኝ ሥልጠና ውስጥ ግን ማይክ የሚባል ነገር የለም። ይህች ሴት ዓመታት የደከመችው ያለ አንዳች ማጉያ ሙሉ ኦርኬስትራ አልፋ፣ ባልኮኒ ላይ የተቀመጠው ሰው ጋ እንድትደርስ ነው። ከጋራ ማዶ የሚጣራ እረኛን አስበው። ጆሮህን አፉ ሥር ብትደቅን የምትሰማው ጩኸት ብቻ ነው፤ ማዶ ላለው ሰው ግን እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይደርሰዋል። አንተም ማይክህን ይዘህ ማዶ ነው መቆም ያለብህ።

ነገሩ በመሣሪያ የሚለካ ነው። የስዊድኑ የድምፅ ተመራማሪ ዮሃን ሱንድበርግ እንዳሳየው፣ የሠለጠነ ወንድ የኦፔራ ዘፋኝ ድምፅ በ3,000 ኸርዝ አካባቢ የተለየ ጉልበት አለው። የኦርኬስትራ ጉልበት ደግሞ 500 ኸርዝ አካባቢ በርትቶ ከዚያ በላይ እየሳሳ ይሄዳል። ዘፋኙ ኦርኬስትራው በሳሳበት በኩል ያልፋል ማለት ነው፤ የሰው ጆሮም ንቁ የሚሆነው በዚያው አካባቢ ነው። ሶፕራኖ ለየት ትላለች። ወደ ላይ ስትወጣ መንጋጋዋን ዝቅ አድርጋ አፏን በሰፊው የምትከፍተው፣ የአፏን ውስጥ ከምትዘፍነው ኖታ ጋር ለማስማማት ነው። «ሃይ ሲ» የሚሉት ኖታ 1,047 ኸርዝ ገደማ ነው፤ እዚያ ሲደረስ አናባቢዎቹ ሁሉ መመሳሰል ይጀምራሉ፣ ቃሉ አይለይም። ቃሉን ፍለጋ ኢኳላይዘር ላይ ስትታገል እንዳታመሽ ነው ይህን የምነግርህ። በታዋቂው የሚላኖ ኦፔራ ቤት በላ ስካላ የተቀመጠው ሰውም እዚያ ቦታ ላይ ቃሉን አይለየውም።

አሁን ወደ ርቀቱ። ድምፅ ነፃ በሆነ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይወርዳል። ማይክህ ከአፏ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆንና እሷ በስሜት 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ብትል፣ 6 ዴሲቤል ጠፋብህ። ማይኩ 2 ሜትር ላይ ቢሆን ግን ያው እንቅስቃሴ አንድ ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ደግሞም ዘፋኝ ሁልጊዜ ፊት ለፊት አትመለከትም፤ ወደ ፒያኖ ተጫዋቹ ዞር ትላለች፣ በገጸ ባሕርይዋ ዓይን ወደ ጥግ ትመለከታለች። ቀጭኑ የድምፅ ክፍል ወደ ፊት፣ ወፍራሙ ወደ ዙሪያው ሁሉ ስለሚሄድ፣ በዞረች ቁጥር ቅርብ ያለው ማይክ ሌላ ሴት የቀዳ ይመስላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ግራንድ ፒያኖው ቁልፎቹ በተመልካቹ በስተግራ ሆነው፣ ክዳኑ ወደ ተመልካቹ ተከፍቶ ይቁም። ዘፋኟ የፒያኖው ጎን ወደ ውስጥ በገባበት ቦታ ላይ ፊቷን ወደ ሰው አድርጋ ትቆማለች። ለማይክ ይመቸኛል ብለህ ይህን አቋም አታፍርስ። ፒያኖ ተጫዋቹ ከኋላዋ ሆኖ ትከሻዋ ሲነሳ አይቶ ነው ጣቱን የሚያሳርፈው፤ ብታራርቃቸው አብረው መጀመር ያቅታቸዋል፣ ያንን ደግሞ በኋላ ምንም ዕቃ አያስተካክለውም።

ከዚያ ሁለት አንድ ዓይነት ካርዲዮይድ (ከፊት ያለውን ድምፅ አጉልተው የሚቀበሉ) ኮንደንሰር (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ስሱ) ማይኮች በአንድ ስታንድ ላይ እሰር። በጫፎቻቸው መካከል 17 ሳንቲ ሜትር፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ተከፍተው በመካከላቸው 110 ዲግሪ። ይህ የፈረንሳይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መሥሪያ ቤት ያወጣው አሠራር ነው፤ ስሙም በመሥሪያ ቤቱ ምህፃረ ቃል ኦአርቲኤፍ ይባላል። ስታንዱን ከዘፋኟ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ላይ አቁመህ ወደ 2 ሜትር ተኩል ከፍ አድርገው። የምሰጥህ መነሻውን ነው፤ ትክክለኛውን ቦታ ጆሮህ ይፈልግ። አንድ ጆሮህን በጣትህ ድፈንና እየዘፈነች ወደ ፊት ወደ ኋላ ሂድ። በሁለት ጆሮ ስትሰማ አእምሮህ ድምፁን ከአዳራሹ ኢኮ ለይቶ ይሰጥሃል፤ ማይክ ያን አይችልም፣ በአንድ ጆሮ ስትሰማ ግን ለማይኩ ትቀርባለህ። ድምፁ ከፒያኖው ጋር ተዋህዶ፣ ኢኮው ግን ገና ያልዋጠው ቦታ ታገኛለህ። ያችን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግባት።

ሚዛኑ ካልተስተካከለ ወደ ሚክሰሩ አትሩጥ፤ ሰውና ዕቃ አንቀሳቅስ። ፒያኖው ከበዛ ዘፋኟን ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት፣ ወይም ስታንዱን ትንሽ ወደ እሷ አስጠጋ። ድምፁ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ከፒያኖው ሥር ምንጣፍ ዘርጋ። ክዳኑን በአጭሩ መደገፊያ ማቆም የመጨረሻ አማራጭህ ይሁን። ጨርሶ መዝጋት ግን ከነጭራሹ አይታሰብ፤ ድምፁ ይታፈናል፣ ተጫዋቹ ራሱን መስማት ስለሚያቅተው ቁልፎቹን መደብደብ ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያው የባሰ የሚጮህ ፒያኖ ይዘህ ትቀራለህ።

ፒያኖው ውስጥ የከተትካቸውን ሁለቱን አውጣቸው። መዶሻዎቹ ከቅርብ ሲቀዱ ፒያኖው ሙሉውን መድረክ የሚያክል ይሆንና ዘፋኟ ውስጡ የተቀመጠች ትመስላለች። የእሷም ድምፅ ከክዳኑ እየነጠረ እዚያው ይገባል፣ ስለዚህ ለብቻ የተቀዳ ፒያኖ አለኝ ብለህ ብታስብም የለህም።

ለዋስትና አንድ ማይክ ለዘፋኟ ለብቻ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ድረስ፣ ከአፏ ከፍ ብሎ ወደ ታች አይቶ ቢቆም አልቃወምም። በሌላ ትራክ ቅዳው፤ ሚክስ ስታደርግ ከዋናዎቹ 10 ወይም 15 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይግባ። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ስለሚወስድበት፣ የቅርቡ ማይክ ከዋናዎቹ ይቀድማል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ የቅርቡን 4 ሚሊ ሰከንድ ተኩል ያህል አዘግየው። ሲዘጋ ብቻ ጉድለቱ የሚታወቅ፣ ሲከፈት ግን «ይኸው ማይክ ገባ» የማያሰኝ መሆን አለበት።

ሌቭል ስትይዝ «ሀሎ፣ ሀሎ፣ ቼክ» አታስብላት። ከፕሮግራሙ ውስጥ ከባዱን ቦታ ከፒያኖው ጋር በሙሉ ድምፅ እንድትዘፍን ጠይቃት፤ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ደግመህ ንገራት። ዘፋኞች ልምምድ ላይ ጉሮሯቸውን ይቆጥባሉ፣ ኦክታቭ ዝቅ ያደርጋሉ ወይም በግማሽ ድምፅ ያልፋሉ፤ በሙያው «ማርክ ማድረግ» ይባላል። የልምምዱን ሌቭል አምነህ ማታ የተቀመጥክ እንደሆነ የመጀመሪያው አሪያ (የብቻ ዘፈን) ላይ ቀዩ መብራት ይበራብሃል። በ24 ቢት ቅዳና ከፍተኛው ቦታ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል በታች ይቅር። ያን ያህል ባዶ ቦታ ማስቀረት ብክነት ይመስላል፣ ግን በ24 ቢት ምንም አታጣም።

ኮምፕረሰሩን አጥፋው። ያ ለስላሳ ክፍል ዝቅ ብሎ እንዲሰማ ነው የተለፋበት፣ ሰው ወንበሩ ላይ ወደ ፊት የሚያጎነብሰው እዚያ ጋ ነው። በኋላ ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ዴሲቤል በእጅህ ከፍ ዝቅ ብታደርግ ይበቃል። ሰርግ ላይ እንደለመድከው 100 ኸርዝ ላይ ሎው ከትም (ከዚያ በታች ያለውን ድምፅ መቁረጥ) አታድርግ፤ የፒያኖ የታችኛው ቁልፍ 27.5 ኸርዝ ነው።

የቀረው የአዳራሽ ጣጣ ነው። አዘጋጆቹ «ትንሽ ማጉያ እንክፈት፣ ሰው ላይሰማ ይችላል» ማለታቸው አይቀርም። ተከራከር። ስፒከሩ ከተከፈተ ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ያለው ማይክህ የሚቀዳው ስፒከሩን ነው። ኤሲው፣ የውሃ ማቀዝቀዣውና ያ ጥግ ላይ የሚያንጎራጉር ፍሪጅ ይነቀሉ፤ ሪከርደሩ በባትሪ ይሥራ። የፒያኖ ተጫዋቹን ወንበር ተቀምጠህበት ተወዛወዝ፣ ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጠው፤ ሲጥ የሚል ነገር ካለ አሁን ነው የሚገኘው። ዘፋኟን የእጅ አምባሯን እንድታወልቅ በትህትና ጠይቅ። ሐምሌ ላይ ደግሞ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኦፔራ እቀዳለሁ ብለህ አትነሳ፤ ለዚያ ከእኔም ከማንም መልስ የለህም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። የ18 ዓመት ልጄ ጀርመን አገር ሙዚቃ ትምህርት ቤት በዘፈን ልታመለክት ነው፣ ለመጀመሪያው ማጣሪያ ቪዲዮ ይፈልጋሉ። ሳሎናችን ውስጥ ባለችው ፒያኖ እህቷ እያጀበቻት በስልኬ ቀዳኋት። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ወዲያው ይሟሽሻል፣ ደግሞ ይመለሳል። ልጄ እንዲህ አትዘፍንም። ስቱዲዮ ልከራይላት? (እናት፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ እህቴ፣ ስቱዲዮው ይቅርብዎ። ብዙዎቹ ስቱዲዮዎች ለእንዲህ ያለ ድምፅ ጠባብና የታፈኑ ናቸው፤ ልጅዎ እዚያ ገብታ ድምፅዋ ሳይመለስላት ሲቀር ትጨነቃለች፣ ስትጨነቅ ጉሮሮዋ ይያዛል።

ያ ከፍ ዝቅ የሚለው ስልኩ ራሱ የሚያደርገው ነው። ስልክ የተሠራው ለወሬ ስለሆነ ከፍ ያለ ድምፅ ሲመጣበት ደንግጦ ይቀንሳል፣ ዝም ሲባል መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ ምስሉን በስልክ፣ ድምፁን ግን ጌይኑ በእጅ በሚስተካከል ትንሽ የእጅ ሪከርደር ይቅዱ። መነሻው ላይ አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ በኋላ ምስሉንና ድምፁን የሚያገናኙት በዚያች ጭብጨባ ነው።

ከዕቃው ይልቅ ክፍሉ ይበልጣል። ሳሎን ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ሶፋው፣ መጋረጃውና ምንጣፉ ድምፁን ይጠጡታል። በአካባቢያችሁ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ፒያኖ ያለው የሰበካ አዳራሽ ያለው ካለ ጠይቁ፤ ለአንድ ከሰዓት ይሰጧችሁ ይሆናል። የእህቷ ማጀብ ደስ ይላል፣ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ዘፋኝ የማጀብ ሙያ ያለው ሰው ይያዙ፤ እዚያው ጀርመን ኮሬፔቲቶር የሚሉት ነው። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ እዚህ ላይ ይውጣ። ዘፋኝን የሚያውቅ ፒያኖ ተጫዋች ትንፋሽ ሲያጥራት ትንሽ ይጠብቃታል፣ ሲያንስባት ይደግፋታል፤ ፈታኞቹም ያንን ይሰማሉ።

ሪከርደሩን ከእሷ 2 ሜትር ያህል ርቀት፣ ከቁመቷ ከፍ አድርገው በስታንድ ያቁሙት። ጠረጴዛም ፒያኖውም ላይ አይቀመጥ፣ ንዝረቱን ይቀዳዋል። ምስሉ ከራስ እስከ እግር ያሳያት፤ አቋሟንና አተነፋፈሷን ማየት ይፈልጋሉ። ዓይኗ ከካሜራው አለፍ ብሎ ይመልከት። ኢኮ አይጨምሩ፣ ቆርጠው አይቀጥሉ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዱ ዘፈን ሳይቋረጥ እንዲቀዳ ይጠይቃሉ፣ የእናንተውም ምን እንደሚል መመሪያውን መስመር በመስመር ያንብቡ። ደግሞ አደራ፣ «አንዴ ብቻ ልድገም» እየተባለ እስከ ማታ አይዋል። ጉሮሮ ሥጋ ነው። ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከበፊቱ ያነሰ ነው፤ የመጀመሪያውን ትልካላችሁ ብዬ እገምታለሁ።

ጥያቄ፦ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ። ጓደኛዬን ከፒያኖ ጋር ልቀዳት እፈልጋለሁ፣ ያለኝ ግን ሁለት ሹር ኤስኤም 58 እና ባለ ሁለት ቻናል ሳውንድ ካርድ ነው። ይሆናል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ካላማረጥሽ ይሆናል። ኤስኤም 58 የማይሰበር ግሩም ማይክ ነው፣ ነገር ግን አፍ ላይ ተለጥፎ እንዲሠራ ነው የታሰበው። ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ስታቆሚው ጌይኑን ብዙ መክፈት አለብሽ፣ ያኔ የሳውንድ ካርዱ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ወደ አንድ ሜትር ከሩብ ገደማ አስጠጊያቸው፣ ከራሷ ከፍ አድርገሽ ወደ ደረቷ አዙሪያቸው፤ ሁለቱንም እንደ አንድ ጥንድ ተጠቀሚባቸው እንጂ አንዱን ለእሷ አንዱን ለፒያኖው አትከፋፍያቸው። የሚያበድርሽ ሰው ካለ ግን እንደ ዙም ኤች 5 ያለ፣ ሁለት ማይክ አናቱ ላይ የተሻገሩበት የእጅ ሪከርደር ለዚህ ሥራ ከሁለቱም ይሻልሻል። ለወደፊት የምትቆጥቢ ከሆነ ሁለት ትንንሽ ኮንደንሰሮች እንደ ሮድ ኤንቲ 5 ተጣምረው ሲሸጡ ግዢ። ባለ 48 ቮልቱን ማብሪያ ሳውንድ ካርድሽ ላይ ፈልጊው፤ ኮንደንሰር ያለ እሱ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት ባለ መዘውር ግራሞፎንና ዝነኛው ኢጣሊያዊ ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ) ካሩሶ በፒያኖ ታጅቦ የዘፈናቸው ጥቂት ሸክላዎች አሉኝ። ማይክ ባልነበረበት ዘመን ይህን ሰው እንዴት ቀዱት? ፒያኖውስ ለምን ከሌላ ክፍል የመጣ ይመስላል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የያዙት ውድ ነገር ነው፤ ፀሐይ አያግኘው።

ኤንሪኮ ካሩሶን ለግራሞፎን ኩባንያ የቀዳው ፍሬድ ጋይዝበርግ የሚባል ባለሙያ ነው። እንደ ፈረንጆቹ ሚያዝያ 11 ቀን 1902፣ ሚላኖ ውስጥ ግራንድ ሆቴል አንድ ክፍል ተይዞ በአንድ ከሰዓት 10 ዘፈን ተቀዳ፤ ለካሩሶ የተከፈለው 100 ፓውንድ ነበር። ፒያኖ የተጫወተለት ሳልቫቶሬ ኮቶኔ ነው። ኤሌክትሪክ የሚባል በመካከል የለም። ዘፋኙ ትልቅ የቆርቆሮ ቀንድ ውስጥ ይዘፍናል፤ በቀንዱ ጠባብ ጫፍ ስስ ሽፋን አለ፣ ሽፋኑ መርፌ ያንቀጠቅጣል፣ መርፌው ሰም ላይ ይቦጭራል። የሰው ጉልበት ብቻ ነው ያንን ሰም የሚጭረው።

ሚክሰር ስለሌለ ሚዛኑ ሁሉ የሚጠበቀው በርቀት ነበር። ፒያኖው ድምፁ ወደ ቀንዱ እንዲገባ ሣጥን ላይ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ ነበር፣ ያም ሆኖ ከዘፋኙ ኋላ ስለሆነ ሩቅ ሆኖ ቀረ። ቀንዱ ደግሞ የታችኛውንም የላይኛውንም ድምፅ ስለማይቀበል የፒያኖው ሙሉ አካል አልተቀዳም፤ የቀረው መሐሉ ብቻ ነው። የቴነር ድምፅ ለቀንዱ ይመቸው ነበር፣ ሶፕራኖዎች በዚህ ረገድ ተበድለዋል። ዘፋኙ ከፍ ወዳለው ኖታ ሲወጣ ወደ ኋላ ማለት፣ ዝቅ ሲል ወደ ቀንዱ መጠጋት ነበረበት፤ ረስቶ የቆመውን ከጀርባ ይዘው የሚጎትቱት ሰዎች ነበሩ። ማይክ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1925 ነው።

የእኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ሸክላ ሲያስቀርጹ የዘፈኑት እንዲህ ያለ ቀንድ ውስጥ ነው። ያንን ድምፅ የሰማ ሁሉ ቀጭንነቱን የዘፋኙ አድርጎ ይወስደዋል፤ ቀጭኑ ቀንዱ ነው።

አንድ ምክር ጨምሬ ልለፍ። የዚያ ዘመን ሸክላ ሁሉ በደቂቃ 78 ዙር አይዞርም፣ ፍጥነቱ ከኩባንያ ኩባንያ፣ ከቀን ቀን ይለያይ ነበር። ካሩሶ ከወትሮው ቀጥኖና ተጣድፎ ከተሰማዎት የግራሞፎንዎን ፍጥነት ቀነስ ያድርጉት። መርፌውንም ለእያንዳንዱ ገጽ ይቀይሩ፤ የደነዘ የብረት መርፌ ሸክላውን ያርሰዋል።

ጥያቄ፦ ባሪቶን (መካከለኛ የወንድ ድምፅ ያለኝ ዘፋኝ) ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በተከራየነው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አርብና ቅዳሜ ማታ ከፒያኖ ጋር አቀርባለሁ፤ ሁለቱንም ልቀዳ ነው። ከሁለቱ ምሽቶች ጥሩ ጥሩውን መርጬ ብቀጥል ማጭበርበር ነው? ሳልና የወንበር ድምፅስ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ማጭበርበር አይደለም። «በቀጥታ የተቀዳ» ተብለው ከሚሸጡት ዲስኮች ብዙዎቹ ከአንድ በላይ ምሽት የተሰፉ ናቸው። ለውድድር የምትልከው ከሆነ ግን ሕጉን አንብብ፤ እዚያ መቀጠል አይፈቀድም ይሆናል።

የሚቀጠለው ግን ሁለቱ ምሽቶች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። የስታንዱን እግሮች፣ የፒያኖውን ጎማዎችና የአንተን የጫማ ጫፍ ወለሉ ላይ በፕላስተር አስምር፤ ክዳኑ በስንተኛው መደገፊያ እንደቆመ ጻፍ፤ የሪከርደሩን ጌይን ፎቶ አንሳ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አስቸጋሪዎቹን ቦታዎች ደግመህ ቅዳቸው። የሰው ልብስና ገላ ድምፅ ስለሚጠጣ ባዶው አዳራሽ ኢኮው ይረዝማል፤ ስለዚህ ያንን ቅጂ ለአጫጭር መጠገኛ ብቻ ተጠቀምበት፣ ረጅም ኖታ በተለይም መጨረሻው ላይ ፒያኖው የሚከስምበትን ቦታ አትተካበት። ስትቆርጥ ትንፋሽህ ላይ አትቁረጥ፣ ከትንፋሹ በኋላ በሚመጣው ጠንካራ ተነባቢ ላይ ወይም ፒያኖው አዲስ ኮርድ በሚመታበት ቅጽበት ቁረጥ፤ ያ ምት ስፌቱን ይሸፍነዋል። ትንፋሹን ከራሱ ሐረግ ጋር ተወው፣ የሌላ ምሽት ትንፋሽ ከተቀጠለበት ጆሮ ይይዘዋል። አዳራሹ ዝም ብሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቅዳ፣ ክፍተት ስትሞላ ይጠቅምሃል።

ሳል ይቆይ፤ አሪያው መሐል ላይ የፈነዳውን ካልሆነ በቀር። የፕሮግራሙን ወረቀት ግን አዘጋጁ በስስ ሉክ ወረቀት አያትመው፤ ሰው ሁሉ ገጹን የሚገልጠው አንተ ዝቅ ስትል ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያፈርስህ ቅኝት ነው። አርብ ከሰዓት የተቃኘ ፒያኖ ቅዳሜ ማታ አንድ አይሆንም፤ ማሞቂያው ይከፈታል፣ ሁለት መቶ ሰው ይተነፍስበታል፣ እንጨቱ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ ምሽቶች በጥቂት ሳንቲም እንኳ ከተለያዩ — የቅኝትን ልዩነት በሳንቲም ነው የሚለኩት፣ መቶው አንድ ግማሽ ድምፅ ነው — የቀጠልከው ቦታ ሁሉ ያጋልጥሃል። ቃኚው በሁለቱም ቀን በሩ ከመከፈቱ በፊት ይምጣ፣ በሁለቱም ቀን «ላ» የሚባለው ኖታ 440 ኸርዝ ሆኖ ይቃኝ፣ በእረፍቱ ሰዓትም የተንሸራተቱትን ጥቂት ክሮች ያስተካክል። ሂሳቡን ከአዳራሹ ኪራይ ጋር አብረህ ያዘው፤ ከማይክ ኪራይ ቀድሞ የሚከፈል ነው።